አንቲረስት ለሚቀባ ልጅ

ልጄ፣ የራስህን የብረታ ብረት ቤት ልትከፍት መሆንህን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ብየዳህን አይቼዋለሁ፤ በእሱ ላይ የምጨምርልህ የለኝም። የምጽፍልህ ከብየዳው በኋላ ስላለው፣ ብዙ በያጅ ለረዳቱ ጥሎት ሻይ ሊጠጣ ስለሚወጣበት ሥራ ነው። በር ሠርተህ ስታስረክብ ደንበኛህ የሚያየው የላይኛውን ቀለም ነው። ከሦስት ክረምት በኋላ ስምህን በደግ ወይም በክፉ የሚያስነሳው ግን ከሥር ያለው አንቲረስት፣ ከእሱም በፊት የብረቱ ጽዳት ነው። በመጣልኝ ቅደም ተከተል እየቆጠርኩ ልጻፍልህ።

1. መጀመሪያ ጠላትህን እወቅ። ብረት በደረቅ አየር ብቻውን ተቀምጦ አይዝግም። ውሃና ኦክስጅን አንድ ላይ ሲያገኙት ነው የሚዝገው፤ ጨው ከታከለበት ደግሞ ይፈጥናል። በአንዱ ነጥብ ላይ ብረቱ ይሟሟል፣ አጠገቡ ያለው ነጥብ ከሟሟው የወጣውን ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ በመካከል ያለው እርጥበት ዑደቱን ይዘጋዋል። የሚፈጠረው ዝገት ከተበላው ብረት እጥፍ ድርብ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል። አንቲረስት ይህንን የሚከላከለው በሦስት መንገድ ነው፤ ወይ እርጥበቱን ያግዳል፣ ወይ ብረቱ እንዳይሟሟ በውስጡ ባለው ኬሚካል ይገታዋል፣ ወይ ደግሞ በብረቱ ፋንታ ራሱ ይበላል። የገዛኸው ቆርቆሮ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚሠራ ሳታውቅ አትክፈተው።

2. ጽዳቱን ለማንም አትተው። አዲስ ቱቦላሬ ከመጋዘን ሲመጣ እንዳይዝግ የተቀባ ዘይት አለበት። ብዙ ሰው ዘይቱን ሳያነሳ ቀጥታ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ይጀምራል፤ እንዲህ ሲሆን ቅባቱ በብረቱ ጭረት ውስጥ እየተሰራጨ ይገባል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ቅባት ማንሳት፣ ቀጥሎ መፋቅ ነው። ሁለት ጨርቅ ያዝ። የመጀመሪያውን በቲነር ነክረህ ቅባቱን አላቀው፤ ቲነሩ ሳይደርቅ በሁለተኛው ንጹህ ጨርቅ ጠርገህ አንሳው። በአንድ ጨርቅ ብቻ ብትሠራ ቅባቱን ከቦታ ወደ ቦታ ታዛውረዋለህ እንጂ አታነሳውም። ጨርቁ ሲቆሽሽ ቀይር፤ የጨርቅ ወጪ አይቆጨህ።

መጽዳቱን የምታውቅበት ቀላል ዘዴ አለ። ጣትህን ውሃ ነክረህ ብረቱ ላይ አንጠባጥብ። ጠብታው ተድበልብሎ ከቆመ ቅባት አለ፤ ተንጣሎ ከተዘረጋ ብረቱ ጠርቷል። ከዚያ ወዲያው አድርቀው። ከዚህ በኋላ የጸዳውን ብረት በባዶ እጅህ አትንካ፤ የእጅ ላብ ውስጥ ጨውም ቅባትም አለ፤ የጣት አሻራ የሚታይበት ዝገት ይወጣል።

ላሜራ ላይ የምታየውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቅርፊት ደግሞ እንደ ጥሩ ነገር አትየው። ብረቱ በፋብሪካ በግለት ሲዳመጥ የተፈጠረ ኦክሳይድ ነው። ለጊዜው ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ብረት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። በተሰነጠቀበት በኩል እርጥበት ሲገባም ከሥሩ ያለው ብረት በፍጥነት ይበላል። በእጅ ብሩሽ አይለቅም። የሚያስለቅቀው በግፊት አየር የሚረጭ ጠጠር ወይም የብረት እህል ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይ ኤስ ኦ 8501-1 በሚለው መለኪያው የጽዳት ደረጃዎችን ለይቷል፤ በእጅና በማሽን መሣሪያ የሚጸዳው ኤስ ቲ 2 እና ኤስ ቲ 3 ይባላል፣ በርጭት የሚጸዳው ለከባድ ሥራ ኤስ ኤ 2½ መድረስ አለበት። ለግቢ በር ኤስ ቲ 3 ይበቃሃል። ለድልድይና ለውሃ ታንከር ግን አይበቃም፤ የርጭት መሣሪያ ከሌለህ ሥራውን አትቀበል።

በግራይንደር ላይ የምትገጥመው የሽቦ ብሩሽም ይሸነግልሃል። ብረቱን ያብረቀርቀዋል፤ አብረቅራቂና ልሙጥ ገጽ ግን ቀለም አይዝም። ብሩሹ ሲጨርስ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርገው። የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ አራግፍ፤ የተረጨውን የብየዳ ፍንጣሪ አንድ በአንድ በመሮ አንሳ። ዝገት ላይ አንቲረስት መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ እንደ መጠቅለል ነው።

ገበያ ላይ ዝገት ለዋጭ የሚባል ፈሳሽም አለ። አብዛኛው ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒን ነው። ብሩሽ በማይደርስበት ጥግ ይረዳል፤ ተልጦ የሚነሳ ዝገትን ግን አያድንም። ኮካ ኮላ ዝገት ያነሳል ብሎ የሚነግርህ ካለም አልዋሸም፤ ውስጡ ያው አሲድ ጥቂት አለ፤ በር ሊያጸዱበት ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

3. ከጅቡቲ የመጣ ብረት እጠበው። አገራችን የምታስገባው ብረት አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። በመርከብ ላይና በወደቡ ሜዳ ሲቆይ የባሕር ጨው ይጠጣል። ጨውን ብርጭቆ ወረቀት አያነሳውም፤ ቲነርም አያሟሟውም። ጨውን የሚያነሳው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው። ጨው ያለበት ብረት ላይ ፕራይመር፣ ማለትም የሥር ቀለም፣ ከቀባህ ቀለሙ በራሱ በኩል ውሃ ይስባል፤ ከሥሩ ጥቃቅን አረፋ ያቆጠቁጣል። ይህ አረፋ ሲመጣ ሰው ሁሉ «ቀለሙ ቀሽም ነው» ይላል። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሻሲ ስትሠራም ይህንኑ አስብ።

4. ቆርቆሮውን በቀለሙ መልክ አትምረጥ። እዚህ ዘንድ ቀይ ቡናማ የሆነ ሁሉ አንቲረስት ይባላል። ቀዩ የብረት ኦክሳይድ ግን ራሱ ዝገትን የሚገታ ኬሚካል አይደለም፤ በርካሽ የሚሞላ፣ ፀሐይ የሚችል፣ ቀለሙን የሚያጠነክር ዱቄት ነው። ሥራውን የሚሠራው ከእሱ ጋር የተቀላቀለው ነው። መለያው ላይ ዚንክ ፎስፌት የሚል ብታገኝ ይሻልሃል፤ እሱ ብረቱ እንዲሟሟ የሚያደርገውን ሂደት ይገታል። ለከተማ በር፣ ለመስኮት ፍርግርግ፣ ለደረጃ መደገፊያ የሲንተቲክ ዚንክ ፎስፌት ፕራይመር በቂ ነው፤ በብሩሽም ይቀባል፣ ስህተትንም ይችላል።

ውሃ የሚያጠራቅም ቦታ፣ የመታጠቢያ ቤት፣ የከብት በረት፣ የመኪና ወለል ሲሆን ኢፖክሲ ውሰድ። ኢፖክሲ እርጥበትን አጥብቆ ያግዳል። አንድ ድክመት አለው፤ ፀሐይ አይችልም። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ላዩ ሳይሸፈን ከቆየ እንደ ኖራ ይቦንናል። ስለዚህ ኢፖክሲ ፕራይመር ሁልጊዜ ፀሐይ የሚችል የላይ ቀለም ይፈልጋል።

ሦስተኛው ዚንክ የበዛበት ፕራይመር ነው። በደረቀው ቀለም ውስጥ ከክብደቱ ቢያንስ 80 በመቶው የዚንክ ዱቄት ካልሆነ ይህን ስም አይገባውም። ዚንክ ከብረት ቀድሞ የሚሟሟ ማዕድን ስለሆነ ቀለሙ ቢጫርም በተጫረው ቦታ ብረቱ ሳይነካ ዚንኩ ይበላል። የሳን ፍራንሲስኮውን የጎልደን ጌት ድልድይ ታሪክ ብትሰማ ትገረማለህ። እ.ኤ.አ. በ1937 ሲከፈት የተቀባው በእርሳስ ቀለም ነበር። የውቅያኖሱ ጉም ዝገት ቢያመጣበት እ.ኤ.አ. በ1965 የቀድሞውን ቀለም አንስተው ዚንክ ሲሊኬት የሚባል ፕራይመር መቀባት ጀመሩ፤ ሥራው ያለቀው በ1995 ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፈጀባቸው መቀባቱ ሳይሆን በዋነኛነት የድሮውን መፋቁና ብረቱን ማጽዳቱ ይመስለኛል።

ግን አትቸኩል፤ ዚንክ የሚሠራው ከእርቃን ብረት ጋር በቀጥታ ሲነካካ ነው። ከሥሩ ዝገት ወይም የድሮ ቀለም ካለ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ለተራ ግራጫ ቀለም አወጣህ ማለት ነው። በ9 የማነሳው የብየዳ ጥገና ካልሆነ በቀር በርጭት ያልጸዳ ብረት ላይ ዚንክ አትቀባ።

5. ኢፖክሲን በዓይንህ አትቀላቅል። ሁለት ቆርቆሮ ነው፤ አንዱ ቀለሙ፣ ሌላው ሃርድነሩ። በመለያው ላይ 4 ለ 1 ካለ 4 ለ 1 ለካ። «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ ሃርድነር ማብዛት ቀለሙን ያደክመዋል እንጂ አያፈጥነውም። ከመወፈሩ በፊት የምትጨርሰውን ያህል ብቻ ቀላቅል። ሲወፍርብህ ቲነር ጨምረህ ልትመልሰው አትሞክር፤ ጣለው። ሌላው መጥፎ ልማድ ሲንተቲኩን በቤንዚን ማቅጠን ነው። ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች ያደርጉታል፤ ቀለሙ ግን ተመጣጥኖ አይደርቅም፤ ለእሳትም ያጋልጥሃል፤ ያውም ብየዳ በሚበየድበት ቤት።

6. ሰዓት ምረጥ። ክረምቱ እንደወጣ በመስከረምና በጥቅምት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሁሉም መቀባት ያምረዋል። በጥርት ሌሊት ግን ብረት ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ጤዛ ያዝላል። ሕጉ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚወርድበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ከፍ ይበል፣ የአየሩም እርጥበት ከ85 በመቶ አይለፍ ይላል። አየሩ 20 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 50 በመቶ ከሆነ ጤዛ የሚወርደው በ9 ዲግሪ ገደማ ነውና ምንም ስጋት የለህም። አየሩ 15 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 90 በመቶ ከሆነ ግን ጤዛው 13 ዲግሪ አካባቢ ተደቅኗል፤ ብሩሹን አስቀምጥ። መለኪያ ባይኖርህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ፤ ከዚያ በኋላ የቀባኸው ሳይደርቅ ብርድ ይደርስበታል። ኢፖክሲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች መጠንከሩን ያቆማል፤ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ። ክረምት ላይ ሥራ ከመጣብህ ከጣሪያ ሥር አስገባው። ያጸዳኸውን ብረት በዚያው ቀን ፕራይመር ሳታስነካው አትደር፤ ሲነጋ ቢጫ ዝገት ታገኝበታለህ።

7. ውፍረቱን አስላ። አንድ ሊትር ቀለም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ብታፈሰው ውፍረቱ 1,000 ማይክሮን ይሆናል፤ ይኸው ነው ሒሳቡ ሁሉ። የሲንተቲክ ፕራይመር ግማሹ የሚተን ፈሳሽ ነው እንበል፤ ከደረቀ በኋላ የሚቀረው 500 ማይክሮን ነው። አሁን 3 በ2.5 ሜትር የሆነ የግቢ በር አስብ። በሁለቱም ፊቱ 15 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአንድ እጅ 40 ማይክሮን ደረቅ ውፍረት ብትፈልግ 1.2 ሊትር፣ በሁለት እጅ 2.4 ሊትር ያስፈልግሃል፤ በብሩሹና በጠርዙ የሚባክነውን ስትጨምር ወደ 3 ሊትር ግዛ። «በ1 ሊትር ሁለት እጅ ቀባሁት» የሚል ካጋጠመህ ሁለቱም እጅ ተደምሮ 33 ማይክሮን ነው የቀባው። በ80 ቁጥር የተፋቀ ብረት ጭረቱ ሸካራ ነው፤ በጭረቱ ጫፎች ላይ ይህ ቀለም ሳስቶ ይቀራል። እርጥብ ቀለም ላይ የሚተከል ባለጥርስ መለኪያ አለ፤ ትንሽ ነገር ነው፤ ከኪስህ አይለይህ።

8. ዝገት የሚጀምረው ከጠርዙና ከብየዳው ነው፤ አንተም ከዚያ ጀምር። እርጥብ ቀለም ከሹል ጠርዝ ራሱን ይሰበስባል፤ መሐሉ ወፍሮ ጠርዙ ይሳሳል። ስለዚህ ጠርዙን 2 ሚሊሜትር ያህል አዙረው፣ የተረፈውን ሹል በግራይንደር አጥፋ። ከዚያ ሙሉውን ከመቀባትህ በፊት ብየዳውን፣ ጠርዙን፣ ማጠፊያውንና የብሎን ቀዳዳውን ብቻ በትንሽ ብሩሽ ቅባ፤ ቀጥለህ መላውን። የመጀመሪያውን እጅ በስፕሬይ ሳይሆን በብሩሽ አድርገው፤ ብሩሽ ቀለሙን ጉድጓድ ውስጥ ይገፋዋል።

ነጥብ ነጥብ ብየዳም አትስጠኝ። በሁለት ብረት መካከል የቀረች ቀጭን ክፍተት ውሃ ስባ ትይዛለች፣ ቀለም ግን አይገባባትም። ቱቦላሬ ጫፉ ክፍት ከሆነ በውስጡ እርጥበት ይጠራቀማል፤ ከውጭ የተቀባ በር ከውስጥ ተበልቶ ሲበሳ ያየኸው ለዚህ ነው። ጫፉን ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ በይደህ ዝጋው፤ መዝጋት የማይቻል ከሆነ ከታች ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ አድርግ። የበር ምሰሶ ከሲሚንቶው በሚወጣበት መስመር ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አድርግ። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ብረት ይጠበቃል፣ ላይ ያለው ይደርቃል፤ የሚበላው መጋጠሚያው ነው። የሲንተቲክ ቀለም በሲሚንቶው አልካሊ ይበሰብሳልና ከመሬት በላይና በታች አንድ ስንዝር ያህል ኢፖክሲ ቅባ። ሲሚንቶውንም ዙሪያውን ወደ ውጭ አዘቅዝቀው እንጂ ጎድጓዳ አታድርገው።

9. ዚንክ የተነከረ ብረትና የጣሪያ ቆርቆሮ ሌላ ሥራ ነው። የሲንተቲክ ቀለም በዚንክ ላይ በቀጥታ ከተቀባ ዘይቱ ከዚንኩ ጋር ሳሙና ይሠራል፣ ከጊዜ በኋላ እንደ ልብስ ይወልቃል። ለዚንክ የተሠራ ፕራይመር ግዛ። ዚንክ የተነከረ ቱቦላሬ ስትበይድ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ዚንኩ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ እዚያ ቦታ ላይ አጽድተህ ዚንክ የበዛበት ፕራይመር መልስለት።

10. አንቲረስትን ባዶውን አትተወው። በከተማችን ግማሽ የሆነ ግንባታ ሁሉ ቀይ ቡናማ የብረት ተራ ይዞ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆማል። የሲንተቲክ ፕራይመር የላይኛውን ቀለም እንዲይዝ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ እርጥበት ያሳልፋል፤ ብቻውን ክረምት አይችልም። በሳምንታት ውስጥ የላዩን ቀለም አልብሰው፤ ከዘገየም አጥበህ፣ ዳግም ፈቅፍቀህ ቅባ። በሲንተቲክ ፕራይመር ላይ ዱኮ አትርጭ፤ የዱኮ ቲነር የሥሩን ያኮማትረዋል። ስቱኮም በዝገት ላይ አይለጠፍም፤ እርጥበት ስለሚጠጣ መጀመሪያ ኢፖክሲ፣ ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ፕራይመር።

ሲደርቅ መያዙን ፈትን። በማይታይ ቦታ በምላጭ ጥቃቅን አራት ማዕዘን መስመሮች ቁረጥ፣ ፕላስተር ለጥፈህ በአንድ ጊዜ ንቀል። አራት ማዕዘኖቹ ከፕላስተሩ ጋር ከመጡ ሥራህን አፍርስ። ቦታውን መልሰህ መቀባቱን አትርሳ። ደንበኛህንም በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ጭረቶቹን እንዲያስቀባ ንገረው። የፓሪሱ የኤፍል ማማ እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ የቆመው በየሰባት ዓመቱ ገደማ ስለሚቀባ ነው፤ በአንድ ዙር ብቻ 60 ቶን ያህል ቀለም ይወስዳል።

11. ሳንባህን ጠብቅ። ወተት ጠጥቶ መበየድና መቀባት በቤታችን ልማድ ነው፤ ወተት ለሆድ ጥሩ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ግን አይደርስም። የዚንክ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። በር ክፈት፣ ጭንብል አድርግ። በአሸዋ መርጨትን ደግሞ ጨርሶ አትንካ፤ የአሸዋው ብናኝ ሳንባን አጠንክሮ የማይመለስ በሽታ ያመጣል። የድሮ በር ስታፈርስ ቀዩ ቀለሙ እርሳስ ሊሆን ይችላል ብለህ ተነሳ። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የደነገገችው በቅርብ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን አትመን። በግራይንደር አትፍጨው፤ እያረጠብክ ፋቀው፣ ልጆች አታስጠጋ፣ የሥራ ልብስህን ቤት ይዘህ አትግባ።

12. ዋጋውን ለብቻው ጻፍ። በዋጋ ማቅረቢያህ ላይ «ቀለም» ብለህ በአንድ መስመር ካስገባኸው ደንበኛው የሚያሳንስልህ እሱን ነው፤ አንተም የምትቀንሰው ከጽዳቱ ይሆናል። ስለዚህ ቅባት ማንሳት፣ መፋቅ፣ ፕራይመር ስንት እጅ፣ በስንት ማይክሮን፣ የላይ ቀለም ስንት እጅ ብለህ ዘርዝር። የፕራይመሩን ዓይነት በስሙ ጻፍ። የመጀመሪያውን እጅ ነጣ ባለ፣ ሁለተኛውን በጠቆረ ቀለም ቅባ፤ ያልተነካ ቦታ ቶሎ ይታይሃል፣ ደንበኛውም ሁለት እጅ መቀባቱን በዓይኑ ያያል። «ሌላው በግማሽ ዋጋ ይሠራልኛል» የሚል ከመጣ በሩ ላይ ካዘዘው የአበባ ጌጥ ቀንስለት፤ ከጽዳቱ ሳንቲም አትቀንስ። ካልተስማማ ሸኘው።

የመጀመሪያው በርህ ሲደርስ ስልክ ደውልልኝ። የላይ ቀለሙ ሳይነካው ነው ማየት የምፈልገው።